የሰማዩ ጋቢ

ይድረስ ለምወድህ ጓደኛዬ ለደረጀ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔም አባባም ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። በሚያዝያ 2016 ዱባይ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ ደጋግሜ ደወልኩ፣ ስልክህ አልሠራም። ደህና መሆንህን ከእህትህ ሰማሁና ተረጋጋሁ፤ ከዚያ ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ፣ ኋላም አፈርኩ። ይቅር በለኝ።

ሰሞኑን ስለ ግሪንሃውስ ጋዝ ሳስተምር አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ እንደ ሆለታ አበባ እርሻ ላስቲክ ቤት ነው?» አለኝ። ስሙ ከዚያ መጣ እንጂ ሥራው ይለያል። ላስቲኩ የሞቀውን አየር አፍኖ ይይዛል፤ ጋዙ ግን ፀሐይ ያሞቀችው መሬት የሚለቀውን ሙቀት ውጦ ከፊሉን ወደ ታች ይመልሰዋል። ልጁ አልገባውም። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። አባባ በኅዳር ማታ ደጅ ወጥተው ቀና ይሉና ኮከቡ ጥርት ብሎ ካዩ «ዛሬ ባቄላው አለቀለት» ይሉ አልነበር? ደመና ካለ ገብተው ይተኛሉ። ጠዋት ከብት ስንነዳ ቅጠሉ በውርጭ ጠቁሮ እናገኘው ነበር። ደመና የመሬት ጋቢ ነው፣ ጋዙም እንደዚያው ስላቸው ክፍሉ ሁሉ ገባው።

ጋቢው ባይኖርማ የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ነበር፤ አሁን ወደ 15 ነው። ክፋቱ መደራረቡ ላይ ነው። ፋብሪካ ሳይስፋፋ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ከሰልና ነዳጅ እየነደደ፣ ደን እየተመነጠረ ዛሬ ከ420 አልፏል። (የአንተም ታክሲ ድርሻ አላት፣ እንዳትቆጣኝ።) ደመና ሲነጋ ይበተናል፤ ካርቦኑ ግን አንዴ ከወጣ ከፊሉ ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል።

አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል። ሸክሙን ባንዴ ሲያራግፈው በዓይንህ አይተሃል፤ በዚያ ጎርፍ ጊዜ እዚያው ኤምሬትስ፣ አል ዓይን ከተማ ላይ አንድ ቀን ባልሞላ ጊዜ 254 ሚሊ ሜትር ወረደ። ቦረና ደግሞ ከ2013 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈበት፤ ከብቱ እንዴት እንዳለቀ ሰምተሃል።

እኛም ጋ አባባ የበልግ ገብስ ትተዋል። ሁለት ዓመት በየካቲት ዘርተው ዘሩ አፈር ውስጥ ቀረ። በልግ ዱሮም አታላይ ነው፤ ሁሉን በሙቀቱ አላሳብብም። ግን አባባ ነዳጅ ከሚያነዱት ወገን አይደሉም፣ አውሮፕላን እንኳ የሚያውቁት በላያቸው ሲያልፍ ብቻ ነው፣ እና ሳስበው እናደዳለሁ።

ልጅህ ስንት ዓመቷ ሆነ? ስልክ ከቀየርክ ቁጥሩን ላክልኝ። ለጥቅምት ከመጣችሁ የባቄላ እሸት ይደርስላችኋል፤ ኮከቡ ካልጠራ።

ናፋቂ ወንድምህ