የዋልታ ጉዞ ታሪክ የመምህራኑንም ስም ይያዝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ዋልታ አሳሾች በአማርኛ የሚወጡ ጽሑፎችን በፍላጎት እከታተላለሁ። አብዛኞቹ የሚሽከረከሩት ማን ቀድሞ ደረሰ፣ የማን ባንዲራ ቀድሞ ተተከለ በሚለው ጥያቄ ዙሪያ ነው። በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ፣ ቢግዶይ በተባለው ባሕረ ገብ መሬት ላይ የሚገኘውን የፍራም ሙዚየም ከጎበኘሁ በኋላ ግን ይህ ጥያቄ ከታሪኩ ሁሉ ጠባቡ እንደ ሆነ አምኛለሁ። ከዚያ የወጣሁት፣ የዋልታ ጉዞ ከሁሉ በፊት የመማር ታሪክ ነው፣ ያስተማሩትም ሰዎች በስማቸው ሊጠሩ ይገባል የሚል ጽኑ አሳብ ይዤ ነው። ይህን አሳብ ሙዚየሙን ለማየት ለሚያቅዱም ሆነ ታሪኩን ለሚጽፉ አንባቢዎቻችሁ ለማካፈል ይህን ደብዳቤ ልኬያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙዚየሙ የተከፈተው በ1936 ሲሆን ዋናው ሕንፃ ጣሪያው እስከ መሬት በሚወርድ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ የታነፀው ፍራም የተባለችውን መርከብ በሙሉ ቁመናዋ ለመሸፈን ነው። ጎብኚው መርከቧን ከሩቅ አይቶ አይመለስም፤ ወለሏ ላይ ይወጣል፣ ወደ ሆዷ ወርዶ ሰዎች ለዓመታት የተኙባቸውን ጠባብ ክፍሎች፣ አብረው የበሉበትን አዳራሽና የሞተሩን ክፍል ያያል። በዙሪያዋ ባሉት ፎቆች ላይ ደግሞ የጉዞዎቹ ታሪክ በሥዕል፣ በዕቃና በጽሑፍ ተዘርግቷል።

ፍራም እንዴት እንደ ተፀነሰች ማወቅ ታሪኩን ሁሉ ይከፍታል። ጃኔት የተባለች የአሜሪካ መርከብ በ1881 ከሳይቤሪያ በስተ ሰሜን በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጠመች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የእርሷ ናቸው የተባሉ ዕቃዎች በግሪንላንድ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ተንሳፋፊ በረዶ ላይ ተገኙ። ወጣቱ ኖርዌያዊ ሳይንቲስት ፍሪትዮፍ ናንሰን ከዚህ ተነሥቶ፣ ዕቃዎቹን ያን ያህል ርቀት ያሻገረ የበረዶ ፍሰት ካለ ሆን ተብሎ በበረዶ ውስጥ እንድትቀር የተደረገች መርከብንም ሊያሻግር ይችላል ብሎ አሰበ። ዕቅዱን በ1892 ለንደን ለሚገኘው የንጉሣዊው የጂኦግራፊ ማኅበር ሲያቀርብ በዋልታ ጉዞ ያረጁ ሰዎች አብዛኞቹ አልተቀበሉትም። የመርከብ ሠሪው ኮሊን አርቸር ግን አሳቡን ወደ እንጨት ለወጠው። ወደ 39 ሜትር ርዝመትና 11 ሜትር ያህል ስፋት ያላት፣ ጎኗ የተድበለበለ፣ የግድግዳዋ ውፍረት ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ መርከብ ሠራ፤ ይህም በረዶው ሲጠብቃት እንዳይሰብራት፣ በጣቶች መካከል እንደ ተጨመቀ እርጥብ ፍሬ ወደ ላይ እንድታፈተልክ ነው። መሪዋና ፕሮፔለሯ ከበረዶው ለማዳን ወደ ውስጥ መሳብ ይችሉ ነበር። ግድግዳዎቿ ቅዝቃዜን እንዲከለክሉ በቡሽ፣ በአጋዘን ጠጉርና በሌሎች ድርብርብ ነገሮች ተሞሉ፤ በነፋስ የሚዞር ዲናሞም የረጅሙን የዋልታ ሌሊት ጨለማ በኤሌክትሪክ መብራት ገፈፈላቸው።

ይህን ሁሉ ቆሜ ስመለከት የናንሰን ታላቅነት የታየኝ ከድፍረቱ ይልቅ በትሕትናው ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ብዙዎች በረዶውን በጉልበት ሰብረው ለማለፍ ሲታገሉ እርሱ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀው፣ መልሱንም ተከተለ። ፍራም 13 ሰዎችን ይዛ በ1893 መስከረም ላይ ከአዲስ ሳይቤሪያ ደሴቶች በስተ ሰሜን በበረዶ ተያዘች፤ በ1896 ነሐሴ ስቫልባርድ አጠገብ ነጻ ወጣች። መርከቧ ወደ ዋልታው እንደማታልፍ የተረዱት ናንሰንና ያልማር ዮሃንሰን በ1895 በመጋቢት ወር፣ 28 ውሾችና ካያክ የሚባሉ ሁለት ጠባብ ቀላል ጀልባዎች ይዘው በስኪና በውሻ ተንሸራታች ወደ ሰሜን ተጓዙ፤ 86 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ላይ ሲደርሱ ስንቃቸውንና ወቅቱን አስልተው ተመለሱ። ያን ጊዜ ማንም ያልደረሰበት ነጥብ ላይ ቆሞ ለመመለስ መወሰን ወደ ፊት ከመቀጠል የሚያንስ ብርታት አይጠይቅም። ፍራንዝ ዮሴፍ ምድር በተባሉት የአርክቲክ ደሴቶች ድንጋይ ክበው፣ ዋልረስ በተባለው ትልቅ የባሕር እንስሳ ቆዳ ጣሪያ ሠርተው፣ የድብና የዋልረስ ሥጋ እየበሉ ክረምቱን አሳለፉ፤ በ1896 ሰኔም እንግሊዛዊውን አሳሽ ፍሬድሪክ ጃክሰንን በአጋጣሚ አገኙ። በካፒቴን ኦቶ ስቨርድሩፕ መሪነት መርከቧ ላይ የቀሩትን ጨምሮ 13ቱም በሕይወት ወደ አገራቸው ገቡ። ዋልታው ላይ ግን ማንም አልደረሰም።

በቀዳሚነት መለኪያ ከተመዘነ ይህ ጉዞ አልተሳካም ማለት ነው። ነገር ግን የአርክቲክ ውቅያኖስ ጥልቀቱ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ እውነተኛ ውቅያኖስ መሆኑን የገለጡት እነርሱ ናቸው። በረዶው ነፋሱ በሚነፍስበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ሳይሄድ ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብልም አስተዋሉ፤ ስዊድናዊው ቫግን ቫልፍሪድ ኤክማን ይህን በሒሳብ ሲያስረዳ የተገኘው እውቀት እስከ ዛሬ የውቅያኖስ ሳይንስ መሠረት ሆኖ ይሠራበታል።

ናንሰን ራሱ ከማን ተማረ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1888 ግሪንላንድን በስኪ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲያቋርጥ ከነበሩት ስድስት ሰዎች ሁለቱ ሳሙኤል ባልቶና ኦሌ ኒልሰን ራቭና የተባሉ፣ የሰሜን ስካንዲኔቪያ ነባር ሕዝብ የሆነው የሳሚ ተወላጆች ነበሩ። ጉዞው እንዳበቃ መርከብ ስላመለጣቸው ክረምቱን ዛሬ ኑክ በምትባለው ከተማ አሳለፉ፤ ናንሰንም ኢኑይት ከሚባሉት የአርክቲክ ነባር ሕዝብ ጎረቤቶቹ ጋር ተቀምጦ ካያክ መቅዘፍንና አደንን ተማረ። ከሰባት ዓመት በኋላ እርሱንና ዮሃንሰንን ያሻገሯቸው ካያኮች ምንጫቸው ይህ ትምህርት ነው።

ሙዚየሙ ውስጥ ያለችው ሁለተኛዋ መርከብ ዮአ ይህንኑ ይበልጥ ታጎላዋለች። ቁመቷ ከፍራም እጅግ ያነሰ፣ 21 ሜትር ያህል የሆነች የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ናት። ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን በ1903 ከስድስት ባልደረቦቹ ጋር ተሳፍሮባት፣ በ1906 ከአትላንቲክ ወደ ፓሲፊክ በሰሜን ካናዳ ደሴቶች መካከል የሚያልፈውን የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያን በባሕር ያቋረጠ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የዝናው ወሬ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። እኔ ግን አንባቢው በሰሜን ካናዳ በምትገኘው በንጉሥ ዊልያም ደሴት ባሳለፏቸው ሁለት ክረምቶች ላይ እንዲቆይ እፈልጋለሁ። በዚያ የኔትሲሊክ ኢኑይቶች ጎረቤት ሆነው ልብሳቸውን፣ የውሻ ተንሸራታቻቸውን አነዳድና የበረዶ ቤት አሠራራቸውን አጠኑ። የአጋዘን ቆዳ ልብሱ ድርብ ነው፤ የውስጠኛው ጠጉር ወደ ገላ፣ የውጭኛው ጠጉር ወደ ውጭ ይሆናል፤ ሰፋ ተደርጎ ስለሚሰፋም በመካከል የሚያዘው አየር ሙቀት ይጠብቃል፣ ላብም መውጫ ያገኛል። በዚያ ብርድ ላብ ልብስ ውስጥ ሲቀር ወደ በረዶነት ስለሚለወጥ ይህ አሠራር የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ልብሱን የፈለሰፉትና የሚሰፉት ሴቶች ነበሩ፤ በአሳሾች ታሪክ ውስጥ ግን ስማቸው እምብዛም አይጠራም። አሙንድሰን በ1911 ታኅሣሥ አራት ባልደረቦቹን ይዞ ደቡብ ዋልታ ሲደርስ የተማመነው በስኪ፣ በውሻና ከዚህ ደሴት በተማረው የቆዳ ልብስ ነበር፤ ወደ አንታርክቲካ ያጓጓዘቻቸውም ያችው ፍራም ናት።

በዚሁ በንጉሥ ዊልያም ደሴት አካባቢ ከአሙንድሰን ግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። እንግሊዛዊው አሳሽ ሰር ጆን ፍራንክሊን ይህንኑ መተላለፊያ ፍለጋ በ1845 ኤሬበስና ቴረር በተባሉ ሁለት መርከቦች ካመጣቸው ሰዎች መካከል 129ኙ አለቁ። ፍርዴ ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ነገር ልጨምር፤ ያን ያህል ሕዝብ በአደን ብቻ በዚያ ምድር ላይ መመገብ የሚቻል አይመስለኝም፣ ስለዚህ ውድቀቱ ባለመማር ብቻ የመጣ ነው አልልም። ያለ ሰበብ የማየው ከዚያ በኋላ የተደረገውን ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ሬ እንደ ኢኑይት ለብሶና ተጉዞ፣ በ1854 ኢኑይቶች የነገሩትን ይዞ ተመለሰ፤ ሰዎቹ በረሃብ እንዳለቁና በመጨረሻው ሰዓት የሙታን ሥጋ እስከ መብላት እንደ ደረሱ። ለንደን ምስክርነቱን የአረመኔ ወሬ ብላ አጣጣለችው፤ የሬም ስም ጠለሸ። በኋላ በአጥንቶቹ ላይ የተደረገው ምርመራ ግን የኢኑይቶቹን ቃል አጸና። ሉዊ ካሙካክ የተባለው የኢኑይት ታሪክ ሰብሳቢ ዕድሜውን ሙሉ ከሽማግሌዎች ቃል ለቅሟል፤ ኤሬበስ በ2014 የተገኘችውም ኢኑይቶች አንዲት መርከብ ሰጠመችበት ሲሉ በቆዩት አካባቢ ነው። ቴረር በ2016 የተገኘችው ደግሞ ሳሚ ኮግቪክ የተባለ የአካባቢው ነዋሪ ከበረዶ ውስጥ ብቅ ያለ እንጨት ያየበትን ወሽመጥ ስለ ጠቆመ ነው። አንድ ሕዝብ ከ160 ዓመት በላይ በቃል ጠብቆ ያቆየው ታሪክ፣ ቀድሞ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ስንት ፍለጋ ያሳጥር ነበር!

የሰሜን ዋልታ ዝናም እንዲሁ በአንድ ሰው ስም ተጠቅልሎ ኖሯል። አሜሪካዊው አሳሽ ሮበርት ፒሪ በ1909 ሚያዝያ ደረስሁ ያለው ነጥብ በትክክል ዋልታው መሆኑ እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው፤ አብረውት የነበሩት ግን አከራካሪ አይደሉም። ጥቁር አሜሪካዊው ማቲው ሄንሰን የኢኑይትን ቋንቋ የሚናገር፣ ተንሸራታች የሚሠራና ውሾችን የሚነዳ የጉዞው የጀርባ አጥንት ነበር፤ አራቱ ኢኑይቶች ኡታ፣ ኤጊንግዋ፣ ሲግሉና ኡኬያ ይባላሉ። ሄንሰን የሚገባውን ክብር አግኝቶ አጽሙ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ያረፈው በ1988 ነው፤ ከሞተ ከ33 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሙዚየሞችን ስናደንቅ ልንዘለው የማይገባ ሌላ ታሪክም አለ፤ የሚያመኝ ስለሆነ በአጭሩ እጠቅሰዋለሁ። ፒሪ በ1897 ከሰሜን ምዕራብ ግሪንላንድ ስድስት ኢኑይቶችን ወደ ኒው ዮርክ አምጥቶ ለተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አስረከበ። አራቱ ብዙም ሳይቆዩ በሕመም ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ የትንሹ ሚኒክ አባት ኪሱክ ነበር፤ ለልጁ ሲባል የውሸት ቀብር ተደረገ፣ አጽሙ ግን በሙዚየሙ ውስጥ ቀረ። የአራቱም አጽም ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሶ የተቀበረው በ1993 ነው። እነዚህ ሰዎች በሕይወትም በሞትም እንደ ዕቃ ተቆጥረው ነበር፤ ይህን ያወቀ ጎብኚ በየትኛውም የዋልታ ሙዚየም መስታወት ፊት ሲቆም ዕቃው የማን እጅ ሥራ እንደ ሆነና እንዴት እንደ መጣ ሳይጠይቅ አያልፍም።

ለጎብኚዎች የምመክረው አለኝ። ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ ባንዲራዎቹንና ሐውልቶቹን ፈጥናችሁ እለፉ፤ ልብሱ፣ ተንሸራታቹና የምግብ ዕቃው ዘንድ ግን ቆዩ። ፍራም ውስጥ ወርዳችሁ ግድግዳዋን በእጃችሁ ዳስሱ። የዛሬውን የበረዶ ሁኔታም አስቡ፤ ፍራም ሦስት ዓመት ገደማ የፈጀባትን የመሰለ ጉዞ ታራ የተባለችው የምርምር ጀልባ ከ2006 እስከ 2008 በረዶ ውስጥ ተይዛ በ500 ቀናት ገደማ አጠናቅቃለች፤ በረዶው እየሳሳ ስለ ሄደ ይበልጥ ይፈጥናል። ፖላርሽተርን የተባለችው የጀርመን የምርምር መርከብም በ2019 እና በ2020 ከብዙ አገር ሳይንቲስቶች ጋር የናንሰንን ዘዴ ተከትላ በበረዶው ተንሳፍፋለች። የናንሰን ሰዎች የመዘገቡት ሙቀትና ጥልቀት ዛሬ የለውጡ መለኪያ ሆኖ ማገልገሉ ለባንዲራ ብለው ከተጓዙት ሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል።

ከዝግጅት ክፍላችሁ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ ዋልታ ጉዞ በምታወጡት ጽሑፍ ሁሉ፣ በተለይም በፎቶግራፎቹ ሥር በሚጻፈው መግለጫ፣ ከመሪው ስም ጎን የአጋሮቹም ስም ይታተም። ስለ ናንሰን ስትጽፉ ባልቶንና ራቭናን፣ ስለ ፒሪ ስትጽፉ ሄንሰንንና አራቱን ኢኑይቶች፣ ስለ አሙንድሰን ስትጽፉ ኔትሲሊኮችን፣ ስለ ፍራንክሊን መርከቦች ስትጽፉ ካሙካክንና ኮግቪክን ጥቀሱ። ቦታ የሚጠብባችሁ ከሆነ የቅዝቃዜውን ዲግሪ ትታችሁ ስሞቹን አስቀሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ