ስለ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ክርክራችን

ውድ አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ማክሰኞ ማታ የተነሳው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት ዘልቋል። ሁሉንም አነበብኩት። ጥያቄው ቀላል ነበር። አንዲት እህታችን የገዛችው የኤሌክትሪክ ምጣድ በሦስተኛው ቀን መጋል አቆመ። ሻጩ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳያት። መመለስ ትችላለች ወይስ አትችልም?

ሃያ ሰው ገደማ መለሰ። ሕግ የጠቀሰ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንደሚለው፣ ጉድለት የተገኘበት ዕቃ ከተገዛ በ15 ቀን ውስጥ ሸማቹ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ወረቀት ስለተለጠፈ ይህ መብት አይቀርም። «ቀለሙን አልወደድኩትም» ብሎ መመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የተጣላነው ሁለቱን ስለቀላቀልን ይመስለኛል። ደረሰኝ መያዝም አትርሱ፤ ያለሱ መከራከር ከባድ ነው።

ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ነጋዴ የሆነ ወንድማችን የራሱን ችግር ሊያስረዳ ሲሞክር «ሌባ» ተባለ። አስመጪው ዕቃውን አልቀበልም ሲለው ኪሳራው እሱ ላይ እንደሚወድቅ እየነገረን ነበር። በአካል ብንገናኝ እኮ ቡና ጠጡ የምንባባል ሰዎች ነን! ስድቡን አጥፍቼዋለሁ። ሐሳቦቹን አልነካሁም።

ከዛሬ ጀምሮ ሕግ የሚጠቅስ ሰው የአዋጁን ቁጥር ይጻፍ። እርግጠኛ ያልሆነ «ይመስለኛል» ይበል፤ ነውር የለውም። እህታችን ነገ ደረሰኟን ይዛ ወደ ሱቁ ትመለሳለች። የሆነውን ትነግረናለች።