«ማን ላካችሁ?» ላሉን ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ የምርጫ ክልላችንን መዝገብ ለያዙት ኃላፊ፣

ስምዎንም የመሥሪያ ቤትዎንም ስም አልጠራም። ይህን ሲያነቡ ራስዎን ያውቃሉ። በደብዳቤ ጠይቄዎታለሁ፣ በስልክ ጠይቄዎታለሁ፣ በአካልም መጥቼ በር ላይ ቆሜያለሁ። ማመልከቻዬ ገቢ ተደርጎ ማኅተም ተመታበት፤ መልስ ግን አልመጣም። አሁን ሰው ሁሉ እየሰማ እጠይቅዎታለሁ።

የጠየቅነው ይህን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለው የእኛ ምርጫ ክልል ከ1987 ወዲህ ማንን ማንን ለፓርላማ መረጠ? ስንት ሰው ተመዘገበ? ስንት ሰው ድምፅ ሰጠ? ሁለተኛ የወጣው ማን ነበር፣ በስንት ድምፅ ተበለጠ? ውጤቱን በየምርጫ ጣቢያው እንድታሳዩን ነው የፈለግነው። ሌላ የጠየቅነው ነገር የለም።

ጠያቂዎቹ ተማሪዎቼ ናቸው። የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። መጽሐፉ ስለ ምርጫ በደፈናው ይናገራል። ልጆቹ ግን የራሳቸውን ሰፈር ማወቅ ፈለጉ፤ እኔም የቡድን ሥራ አድርጌ ሰጠኋቸው። ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ይዘው ቢሮዎ መጡ። ደብዳቤው ላይ ማኅተም አለ፣ ፊርማ አለ። የተቀበላቸው ጥያቄ ግን «ማን ላካችሁ?» የሚል ነበር። ቀጥሎ «ከጀርባችሁ የትኛው ፓርቲ አለ?» ተባሉ። መታወቂያቸው ተወስዶ ኮፒ ተደረገ። የወላጆቻቸው ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ ተጻፈ። ከዚያ «ሂዱ፣ እንደውልላችኋለን» ተባሉ።

በማግስቱ የአንዷ ልጅ እናት ትምህርት ቤት መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። «መምህር፣ እባክዎ ልጄን ከዚህ ነገር ያውጡልኝ» አለችኝ። «ከዚህ ነገር» ያለችው የቤት ሥራውን ነው። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው፤ ወንጀሏም የሰፈሯ ሰው ማንን እንደመረጠ መጠየቋ ነው። ያንን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም፣ ይቅርም አላልኩም።

ሕጉን ያውቁታል ብዬ ነው የምጽፈው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልን ከፕሬስ ነጻነት ጋር አስቀምጦታል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። በ1162/2011 የምርጫ አዋጅም ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው ምርጫ ጣቢያው ውስጥ ነው፤ ውጤቱም ለሕዝብ ይለጠፋል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነበበው ቁጥር በምን ሒሳብ ነው ዛሬ ሚስጥር የሚሆነው?

ይህ ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገርዎት። የአዲስ አበባ ምርጫ ታሪክ እንደ ሌላው አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1997 የዚህ ከተማ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ። 23ቱንም የፓርላማ ወንበር ለተቃዋሚ ፓርቲዎቹ ጥምረት ለቅንጅት ሰጠ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱ የቅንጅት ሆኑ። ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያው ሰኔና በ1998 ጥቅምት በተከተለው ደም መፋሰስ 193 ሲቪሎች እንደተገደሉ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን መዝግቧል። የፓርቲው መሪዎች ታሰሩ። ከተመራጮቹ ፓርላማ የገቡ አሉ፣ አንገባም ያሉ አሉ፣ እስር ቤት የገቡም አሉ። በሚያዝያ 2000 የማሟያ ምርጫ ተደረገ።

አንዱ ተማሪዬ የጠየቀኝ ይህንን ነበር። «መምህር፣ ለእኛ ሰፈር የተመረጠው ሰውዬ ገባ ወይስ ታሰረ? ካልገባስ በእሱ ቦታ ማን ገባ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። 20 ዓመት ያለፈው ጉዳይ ነው። መልሱ እርስዎ ቢሮ ካለው መዝገብ መገኘት ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ያለውም መልስ ይፈልጋል። በ2002 ገዢው ፓርቲ ኢሕአዴግ ከ23ቱ የአዲስ አበባ ወንበሮች 22ቱን ወሰደ። የቀረችውን አንድ ወንበር የተቃዋሚው የመድረክ ጥምረት እጩ አቶ ግርማ ሰይፉ አሸነፉ። በ547 ሰው ፓርላማ ውስጥ ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ እሳቸው ሆኑ። በ2007 ያችም ጠፋች፤ 547ቱም ወንበር የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። በ2013 ደግሞ ብልጽግና ከአንድ በስተቀር ሁሉንም የአዲስ አበባ ወንበሮች ያዘ። አንዷ በግል ለተወዳደሩት ለዳንኤል ክብረት ሄደች።

በ1997 ገዢው ፓርቲ ከ23ቱ አንድም አላገኘም። በ2002 22 አገኘ። መሐሉ አምስት ዓመት ነው። ሰዉ ሐሳቡን ቀየረ? ፈራ? ሳይመዘገብ ቀረ? ድምፁ በብዙ ፓርቲ ተበታተነ? እኔ ክፍል ውስጥ ቆሜ አንዱን መርጬ ልናገር አልችልም፤ ማስረጃ ያስፈልገኛል። የእኛ ሥርዓት የአብላጫ ድምፅ ነው። በአንድ ድምፅ የበለጠም፣ በአሥር ሺህ የበለጠም እኩል ወንበር ያገኛል። ወንበር ብቻ የቆጠረ ሰው ከተማው በየአምስት ዓመቱ ልቡን ገልብጦ የሚያድር ይመስለዋል። የተሸነፉት ያገኙት ድምፅ የት እንዳለ የሚያሳየው የየጣቢያው ቁጥር ነው። ተማሪዎቼ የጠየቁትም እሱን ነው።

ሌላም አጣዳፊ ምክንያት አለኝ። ከተማው እየተበተነ ነው። ካሳንቺስን ይዩ፤ የዱሮው ሰፈር ፈርሶ ነዋሪው ሄዷል። ልደታም ቀድሞ እንዲሁ ሆኗል። በ1997 ጎን ለጎን ተሰልፈው የመረጡ ጎረቤታሞች ዛሬ አንዱ የካ ኮንዶሚኒየም፣ አንዱ አቃቂ ነው። ብዙዎቹም አርፈዋል። ድሮ ልጅ የሰፈሩን ታሪክ ከጎረቤት ቡና ላይ ይሰማ ነበር። አሁን ያ ጎረቤት የለም። የቀረው መዝገቡ ብቻ ነው፤ እሱም እርስዎ ዘንድ ተቆልፎበታል።

የምርጫ ክልሎቹ ቁጥር ራሱ ነዋሪውን ያደናግራል። ከተማው በ28 ወረዳ ተከፍሎ በነበረበት ዘመን የወጣ አቆጣጠር ነው። ያ አደረጃጀት ቀርቶ ክፍለ ከተማ መጣ። ክፍለ ከተሞቹ አሥር ነበሩ፣ ዛሬ ከለሚ ኩራ ጋር 11 ሆነዋል። የወረዳ ቁጥሮቹም ተለዋወጡ። የምርጫ ክልሉ ግን በድሮው ቁጥር ቀረ። ስለዚህ ብዙ ሰው የት ወረዳ እንደሚኖር ያውቃል፣ የየትኛው ምርጫ ክልል ሰው እንደሆነ ግን አያውቅም። ልጆቹ ይህንን ለማጣራት እንኳ ወደ እናንተ መምጣት ነበረባቸው።

ወሰኑስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ይላል። የምርጫ ክልል ወሰንም በቆጠራው ውጤትና በምርጫ ቦርድ ረቂቅ መነሻነት በፌዴሬሽን ምክር ቤት እንደሚወሰን ይደነግጋል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። አራተኛው ሲገፋ ሲገፋ ቀረ። መሐል ከተማው ሲፈርስ፣ ዳሩ ሲሞላ፣ የአዲስ አበባ ወንበር ያው 23 ነው። አንዱ ተወካይ የስንት ሰው ድምፅ እንደሚይዝ፣ ሌላው የስንት እንደሚይዝ መጠየቅ የዜጋ መብት ነው። የመራጮች ቁጥር ከተሸሸገ ግን ጥያቄው የሚነሳበት መሠረት አይኖርም። ሰነድ መደበቅ ነገ ፍትሐዊ ወሰን እንዲሠራ ለሚጠይቅ ሁሉ እንቅፋት ነው የምለው ለዚህ ነው።

እርስዎ ምናልባት «ፖለቲካ ነው» ይሉ ይሆናል። አዎ፣ ፖለቲካ ነው። ምርጫ ሌላ ምን ሊሆን ነው? ልጆቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የመራጭነት ካርድ ውሰዱ ተብለው ይለመናሉ። ያኔ ወጣቱ ለምን አልተመዘገበም ብላችሁ ስብሰባ ትጠራላችሁ። መዝገብ ላይ ስማቸውን እንዲያሰፍሩ የምትፈልጓቸው ልጆች መዝገቡን ሊያዩ ሲመጡ ግን እንደ ተጠርጣሪ መርምራችሁ ሰደዳችኋቸው።

የምጠይቅዎት ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ የልጆቹን ጉዳይ ይጨርሱ። የመታወቂያቸው ኮፒና የወላጆቻቸው ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ይወገድ። መወገዱንም ለየወላጆቹ ራስዎ ደውለው ይንገሩ፤ ቁጥሩ እጅዎ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የጠየቅነውን ውጤት በየጣቢያው ይስጡን። የጠፋ ካለ የትኛው ዓመት እንደጠፋ፣ ማን ይዞት እንደጠፋ በጽሑፍ ይግለጹልን። እምቢ ካሉም እምቢታዎን ከነምክንያቱ በፊርማዎ ይስጡኝ፤ እሱን ይዤ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እሄዳለሁ።

የእርስዎ መምህር አይደለሁም፤ የተማሪዎቼ መምህር ግን ነኝ፣ ስለ እነሱም ዝም አልልም።