ሂሜናዮስ እና ጊሜኔይ አንድ ስም ናቸው

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

የጥንት ግሪኮችን የሠርግ አምላክ ስም ተርጓሚዎች እንደምንጫቸው ቋንቋ ሲለያዩት አንባቢ ሁለት አማልክት ይመስሉታል። መነሻው «ሂሜናዮስ» ነው። ጣልያንኛ «ሀ»ን ጥሎ «ኢሜኔኦ» ይላል፤ ስፓኒሽ ፊደሉን ይጽፋል እንጂ አያነበውም። ሩሲያኛ ለ«ሀ» ትክክለኛ አቻ ስለሌለው በ«ገ» ተክቶ «ጊሜኔይ» ያደርገዋል፤ ይህን እንዳለ መገልበጥ ትልቅ ስህተት ነው። ፈረንሳይኛ «ኢሜን» እና «ኢሜኔ» የሚሉ ሁለት መልኮች አሉት። በግጥም በትንሽ ፊደል ከተጻፉ ግን «ጋብቻ» ማለት ስለሆኑ ስም አድርጎ ማስቀረት አይገባም።

በ1ኛ ጢሞቴዎስ 1፥20 «ሄሜኔዎስ» የተባለው ሰው ስሙ ከዚሁ የግሪክ ቃል ነው፤ ከአምላኩ ጋር ግን መምታታት የለበትም። ስለዚህ ለአምላኩ «ሂሜናዮስ»ን እንጠቀም።