ስለ መረብ ጥገና ክር ውፍረት
ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

ጉዳዩ፦ በሚጎተቱ የዓሣ መረቦች ጥገና ስለምንጠቀምበት ክር

ከአሁን በኋላ ለጥገና የሚመጣልንን መረብ መጀመሪያ ከተሠራበት በወፈረ ክር አንጠግንም። «ዳግም እንዳይበጠስ ወፈር ይበልልን» የሚሉን ብዙዎች ስለሆኑ ምክንያቱን ማስረዳት ይገባናል።

የሚጎተት መረብ የሚሠራው በአፉ የገባው ውሃ በዓይኖቹ፣ ማለትም በክሮቹ መካከል ባሉት ቀዳዳዎች፣ በኩል መውጣት ሲችል ነው። መውጫ ያጣ ውሃ ከአፉ ፊት ፍጥነቱ ይቀንስና በጎንና በላይኛው ገመድ አናት ዞሮ ያልፋል፤ ዓሣውም አብሮት ይሸሻል።

ተወጥሮ 100 ሚሊሜትር የሚለካ ዓይን ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ 50 ሚሊሜትር ነው። ይህ ዓይን ካሬ ሆኖ ቢከፈት እንኳ 4 ሚሊሜትር ክር ከስፋቱ 16 በመቶ ያህሉን፣ 5 ሚሊሜትር ክር ደግሞ 20 በመቶውን ይይዛል። ሥራ ላይ ያለ መረብ ግን ስለሚወጠር ዓይኑ ይጠባል። ሹሉ ማዕዘን 30 ዲግሪ ሲደርስ ስፋቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ የተዘጋው ድርሻም 32 እና 40 በመቶ ይሆናል። ቋጠሮዎቹን ገና አልቆጠርናቸውም።

ከእያንዳንዱ ክር ጀርባም ውሃው ይታወካል። መረቡ በ3 ኖት፣ ማለትም በሰከንድ 1.5 ሜትር ገደማ ሲጎተት፣ ከ4 ሚሊሜትር ክር ጀርባ በሰከንድ 75 ጥንድ ያህል አዙሪት በግራና በቀኝ እየተፈራረቀ ይላቀቃል። ከምታቃጥሉት ነዳጅ ብዙው የሚያልቀው ይህንን ውሃ በማወክ ነው።

የተዘጋ መረብ ሲያስቸግር ፍጥነት መጨመር መፍትሔ አይደለም። የውሃው ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ከ3 ወደ 3.5 ኖት ስትሄዱ መረቡ ቅርፁን ቢጠብቅ ጭነቱ በ36 በመቶ፣ የሚፈለገው ጉልበት ደግሞ በ59 በመቶ ይጨምራል። በመጎተቻው ገመድ ላይ የምታነቡት ጭማሪ ከዚህ ካነሰ ደስ አይበላችሁ፤ የመረቡ አፍ ዝቅ ብሏል ማለት ነው።

በጣም የምንጠነቀቅለት ቦታ ከጭራው ከረጢት ፊት ያለው ክፍል ነው። ዓሣው ሲከማች ውሃ በክምሩ ውስጥ ማለፍ ስለማይችል ከክምሩ ፊት ባሉት ዓይኖች ይወጣል፤ ትናንሽ ዓሦችም በአብዛኛው የሚያመልጡት እዚያው ነው። ይህ ቦታ በድርብ ክር ከተጠገነ ፍሰቱ ይዳከምና ገና ያልደከመ ዓሣ ወደ አፉ ይመለሳል። ከባሕር ወለል ጋር እንዳይፋተግ የሚታሰረው መከላከያም ከታች በኩል ብቻ ይሁን፤ ዙሪያውን አትጠቅልሉት።

ዓይኖቹ በጭቃ ወይም በባሕር ሣር መደፈናቸውን ከእያንዳንዱ ጉተታ በኋላ ተመልከቱ። በሆዱ አንድ ቦታ ትናንሽ ዓሦች በብዛት ተሰክተው ከተገኙ ውሃው እዚያ በኃይል እየወጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ መንስኤው የመረቡ አቆራረጥ ወደ ጭራው በፍጥነት መጥበቡ ወይም ከኋላው ያለው ክፍል መደፈኑ ነው።

መረቡን ወደ ጎን የሚከፍቱትን ሳንቃዎችም አትርሱ። ከሥራቸው ባለው ብረት ላይ የተጫሩት መስመሮች ከሳንቃው ርዝመት ጋር የሚሠሩት ማዕዘን፣ ሳንቃው ውሃውን የሚገጥምበት ማዕዘን ነው። ለጠፍጣፋ ሳንቃ ከ40 ዲግሪ ብዙ ካለፈ ውሃው ከጀርባው ተላቅቆ ይታወካል፤ መክፈቻው ይጠባል፣ ጭነቱ ግን ይጨምራል። የመጎተቻውን ማያያዣ ቀዳዳ አንድ ወደፊት ማዛወር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጥንካሬ የግድ ካስፈለገ በውፍረት ፈንታ የክሩን ዓይነት እንለውጣለን። ዳይኒማ የተባለው እጅግ ጠንካራ የፖሊኤትሊን ክር በእኩል ጥንካሬ ከተራው ፖሊኤትሊን በጣም ይቀጥናል። ዋጋው ግን ውድ ነው፤ ስለሚያንሸራትትም ቋጠሮው ድርብ መሆን አለበት።

መረብ ስትልኩልን የመጀመሪያውን የክር ውፍረትና የዓይን መጠን ጻፉልን። መዝገቡ ከሌላችሁ፣ ገና ያልተጠገነውን ክፍል በቀለም ወይም በጨርቅ ምልክት አድርጉልን፤ ልኩን ከዚያ እንወስዳለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የመረብ ሥራና ጥገና ክፍል