ሸራ ስትገዙ ጨርቁን እዩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የጉዞ ዓምዳችሁን እወደዋለሁ። ግን ካምፕ ለሚወጣ ሰው የምትመክሩት ሁሌ ድንኳን ብቻ ነው። ዕቃውን በጀርባው ተሸክሞ መናገሻ ሱባ ጫካ ወይም ወንጪ ለሚያድር ሰው ከላይ የሚወጠር ቀላል ሸራ፣ ገመድና ጥቂት ካስማ ይበቃዋል። ምሶሶ ካስፈለገ ዱላ አለ። አየር እንደልብ ስለሚገባም ጠዋት በራሳችሁ እስትንፋስ ረጥባችሁ አትነሱም።

ዋናው ነገር ጨርቁ ነው። ያ ሁላችንም የምናውቀው ሰማያዊ ሸራ ርካሽ ነው፣ ለጀማሪ አይከፋም። ግን 3 በ3 ሜትሩ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል፣ ነፋስ ከመጣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጨበጭብ ያድራል፣ የማዕዘኑ ቀለበትም ቶሎ ይቦጨቃል። ከተቦጨቀባችሁ አትጣሉት፤ ለስላሳ ጠጠር በሸራው ጠቅልላችሁ ከአንገቱ ላይ ገመዱን እሰሩ፣ ከቀለበቱ የባሰ ይጠነክራል። ሲሊኮን የተቀባ ናይለን በዚያው ስፋት ግማሽ ኪሎ አይሞላም። አመሉ ሲረጥብ መለጠጡ ነው። ማታ ወጥራችሁት ብትተኙ ዝናብ ሲመጣ ይረግባል፣ መሀሉ ላይ ውሃ ያቁራል፣ እናንተም በእኩለ ሌሊት ወጥታችሁ ገመድ ስትጎትቱ ነው። ለዚህ ነው እኔ ፖሊስተሩን የምመርጠው፣ በእርጥበት ብዙም አይለጠጥም። ዳይኒማ የሚባለው በጣም ቀላል ጨርቅ በዚያው ስፋት ከ200 ግራም በታች ሊሆን ይችላል፣ ዋጋውን ግን ባንነጋገርበት ይሻላል። የትኛውም ቢሆን እሳት አጠገብ አትወጥሩት፣ አንድ ፍንጣሪ ይበሳዋል።

ስሜን ተራሮች ላይ ግን ከእናንተ ጋር ነኝ። ግጭ የሚባለው የካምፕ ቦታ ወደ 3600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ሜዳው ገላጣ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ዕቃውን በቅሎ ስለሚጭነው ግማሽ ኪሎ ማዳን ምንም አይጠቅምም፤ ድንኳን ያዙ። (እዚያ ሸራ ይዞ የሄደ ሰው ደግሞ እባካችሁ ገመዱን ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ላይ አይሰር!)

ውድ ከሆነባችሁ ጨርቁን ገዝታችሁ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰዱት። ዳር ዳሩን ያጥፈው፣ ማዕዘኖቹን በድርብ ጨርቅ ያጠንክራቸው፣ ቀለበት ሳይሆን የጥብጣብ ማሰሪያ ይስፋበት። ውሃ የሚገባው በስፌቱ ስለሆነ ስፌቱን መድፈን አትርሱ። ሲሊኮን በተቀባ ጨርቅ ላይ ከሲሊኮን በቀር ሌላ ማጣበቂያ አይዝም፣ ይላጣል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ