እትዬ፣ የልጅቷን ወረቀት ጨርሱ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ቱሉ ዲምቱ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል እትዬ? ጋሼ ደህና ነው? ልጅቷስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ብቻ ነው የሚያማርረኝ።

ባለፈው በስልክ «እዚያ እንግሊዝ አገር ልጅ ለሁለት ሴቶች በጉዲፈቻ ይሰጣል ይባላል፣ እውነት ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እውነት ነው። የምሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ሁለት እናቶች ያሉት ልጅ አለ። የወለዱት ሊያሳድጉት አልቻሉም። መጀመሪያ ሲመጣ ሰው ሲጠጋው ይሸማቀቅ ነበር። አሁን ከሁለቱ የአንዷን ድምፅ ከሰማ በሩ ጋ የሚቀድመው የለም።

እንዲሁ የሚታደል እንዳይመስልሽ። ሶሻል ወርከር የሚሉት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ቤታቸው ይመላለሳል። ወንጀል እንደሌለባቸው፣ ጤናቸው፣ ኑሯቸው ይጣራል። የሚያውቋቸው ሰዎች ይጠየቃሉ። ከዚያም ልጁ ቢያንስ 10 ሳምንት አብሯቸው ኖሮ ነው ፍርድ ቤት የሚያመለክቱት። ወንድና ሴት ባለትዳሮችም የሚያልፉት በዚሁ መንገድ ነው። ፎስተር የሚሉት ሌላ ነው፤ ልጁን ለጊዜው ያሳድጉታል እንጂ የሕግ ወላጆቹ አይሆኑም።

በእንግሊዝና በዌልስ እንደነሱ ያሉ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች ሁለቱም አንድ ላይ ወላጅ መሆን የቻሉት እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2005 መጨረሻ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በወረቀት እናት የምትሆነው አንዷ ብቻ ነበረች። ሌላዋ እኩል ብታበላ፣ ሌሊት ብታስታምም፣ በሕግ ፊት ባዳ ነበረች። ወረቀት ያላት ብትሞትስ? ልጁ እናት እያለው የሙት ልጅ ሊባል ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የአገራችን ሕግ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን እንደሚከለክል፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ምን እንደምትል አውቃለሁ። ግን ሱዛን ጎሎምቦክ የምትባል የካምብሪጅ ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምራ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን አጥንታለች። ልጆቹ ከሌላው ልጅ ያነሱ ሆነው አላገኘቻቸውም። እኔም በዓይኔ ያየሁት ይህንኑ ነው። ጎረቤቶችሽ «የኛንም ልጆች ሊወስዱ ነው» ካሉ ደግሞ፣ የአገራችን ፓርላማ የውጭ አገር ጉዲፈቻን በ2010 ዓ.ም. እንደከለከለ ንገሪያቸው።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። ልጅቷን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጋችኋት አንቺና ጋሼ ናችሁ። በወረቀት ግን ምናችሁም አይደለችም። ክፉ አይንካሽና፣ አንድ ነገር ብትሆኑ ከኮንዶሚኒየሙ «ውጪ» የሚላት ዘመድ አይጠፋም። ዘመዶቻችንን ታውቂያቸው የለ!

የቤተሰብ ሕጋችን ጉዲፈቻን ይፈቅዳል። አሳዳጊው 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ባልና ሚስት ስለሆናችሁ አብራችሁ ነው የምታደርጉት። ስምምነቱን የሚያጸድቀው ፍርድ ቤት ነው፤ የልጅቷንም ሐሳብ ይሰማል። አባቷ በሕይወት ካለ የሱም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያለበትን ከአሁኑ ጠያይቂ።

ከፋሲካ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ። ወጪውን እኔ እልካለሁ። ይህንን ለጋሼም አንብቢለት። ልጅቷን ሳሚልኝ።

እህትሽ፣ ከማንቸስተር